የታኅሣሥ ሒሳብ

ሠላሳ ሁለት ዓመት ሒሳብ አስተማርሁ፣
ጡረታ ስወጣ መኪና ገዛሁ።
ሃይብሪድ ይሏታል፤ ባለ ሁለት ልብ ናት፣
ቤንዚን ሲያምራት ባትሪዋ የሚቆጣት።
ሻጩም እንዲህ አለኝ፦ «ቲቸር፣ ይች ልጅ
ጾም የለመደች ናት፣ ብዙም የማትፈጅ።»

ሾፌር ቀጠርሁላት፤ አንጋው ይባላል፣
ንግግሩ አጭር ነው፣ ሰው ሲያየው ያፍራል።
ከማራኪ አራዳ፣ ከአራዳ አዘዞ፣
ሰው ያመላልሳል፣ አንዳንዴም ጓዝ ይዞ።
ማታ ቁልፍ ሲመልስ ቆጣሪውን ያነባል፤
የእኔ ቀይ እስክሪብቶ
ኪሎሜትሩን ለሊትሩ ያካፍላል።

መስከረም፦ በሊትር ሃያ ሁለት።
ጥቅምት፦ ሃያ አንድ። ይሁን፣ ምን አለበት።
ኅዳር፦ አሥራ ዘጠኝ።
እዚህ ላይ እስክሪብቶው ቆመ፤ እንቅልፍም እንቢ አለኝ።
ታኅሣሥ፦ አሥራ ሰባት።
ከሥሩ ጻፍሁበት፦
ጉድለት።

ያው መንገድ፣ ያው መኪና፣ ያው ሰው፣
ታዲያ ይህን ቤንዚን ማን ነው የሚልሰው?
ማደያው ሰልፍ ነው ከሌሊት ጀምሮ፣
ከማደያው ጀርባ ጀሪካኑ ከብሮ፣
እንዴት አልጠርጥር?
ዕድሜዬ ያለቀው
መልሱን ከጓደኛው፣ መንገዱን ከአየር
የሚያመጣ ልጅን ስመረምር።
ከደሞዙ ቆረጥሁ፤ በልኩ፣ በስሌት፣
ስድስት መቶ አርባ ብር፣ በሁለቱ ወራት።

አንድ ማታ አልሁት፦ «አንጋው፣ ቤንዚኑ የት ገባ?»
ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።
ቆየ።
«ነገ ጠዋት» አለኝ፣ «እርስዎም አብረውኝ ይግቡ፤ አብረን እንግባ።»

ከሌሊቱ አሥራ አንድ።
ከወገራ የሚወርደው ብርድ
የአጥሩን ቆርቆሮ እንደ ጥፍር ይቧጥጣል፤
መስታወቷ ላይ ጤዛው ተኮፍሶ ተቀምጧል።
በመስከረም ቢሆን በባትሪዋ ብቻ፣
ያለ ኮቴ፣ ያለ ጣጣ፣
ውልቅ ነበር የምትል እንደ ድመት ከጓዳ ስትወጣ።
አሁን ግን ሞተሯ ቀድሞ ተነሣ፤
እንደ ሽማግሌ ያጉረመርማል
ሌሊት ተቀስቅሶ እንደተነሣ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ተሳፋሪ ስንጠብቅ ቆምን፤
ጎማው ቆመ፣ ሞተሩ ግን
ይበላል፣ ይበላል።
«ይች ሰማያዊ መብራት እስክትጠፋ ነው» ይላል አንጋው፣ በጣቱ ያሳያል፤
«ሞተሩ ራሱ ካልሞቀ እንዴት ያርፋል?
ባትሪውም በብርድ እጁ ያጥራል፣
ቁልቁለቱ የሰጠውን እንኳ
እንደ በጋው አይቀበል፤ ያንጠባጥባል።
ጎማውም ሌሊት ይሟሽሻል።»

ሌሊቱን ተረኛ የነበረች ነርስ ገባች፣ አፏን በሻሽ ጠቅልላ፤
«ወንድሜ፣ ማሞቂያውን ክፈትልኝ» አለች።
እሱም ሌላ ኬላ።

ደግሞ መንገዱ አጭር!
መብራቷ ልትጠፋ ስትል ነርሷ ትወርዳለች፣
መኪናዋ ትቆማለች፣ ትቀዘቅዛለች፣
ሌላ ሰው እስኪመጣ፤
ያኔም ከአንድ፣ ከሀሁ፣ ትጀምራለች።
እኔም ሰባተኛ ክፍል «ቢ» ትዝ አለኝ፣
ሰኞ የገባቸው ማክሰኞ የሚጠፋ፤
እነሱን አንድ ቀን ሌቦች አላልኋቸው።
እሱን ግን...

ሦስት ሰዓት ሲሆን ፀሐይ ፒያሳ ገባች።
ሰማያዊዋ ጠፋች።
ሞተሩም ዝም አለ፤ እንደዚያ ያለ ዝምታ!
የጎማው ሹክሹክታ፣
የሊስትሮው ብሩሽ ሳጥኑን ሲመታ፣
እና አንድ ሌላ ድምፅ፦
የአንጋው ሆድ ሲጮህ።
እሱ መስሎኝ ነበር፣ ሁለት ወር ሙሉ፣ የበላኝ።
ቁርስም አልቀመሰ።
ወደ መስኮቱ ዞርሁ፣ ሰው እንዳየ ሰው፣ ምንም እንዳልሰማኝ።

ማታ ደብተሬን ገለጥሁ።
«ጉድለት» የሚለውን ሰረዝሁ፤
ከላዩ «ብርድ» ብዬ ጻፍሁ።
ስድስት መቶ አርባውን በፖስታ አድርጌ ሰጠሁት።
ሳይቆጥር ኪሱ ከተተው።
የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤
ከሁሉ እሱ ነው የከበደው።

በማግስቱ ከብስኩት ካርቶን ቆርጦ
የመኪናዋን አፍንጫ ሸፈነ፣ ነፋሱ እንዳይገባ፤
ጎማውንም አስነፋ።
ጥር፦ አሥራ ስምንት ተኩል።
ከሥሩ ምንም አልጻፍሁም።